ከትሪው የቀረው ስንቅ

የያዙኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ግጥሜ ገና ከማሽኑ እየወጣ፣ ወረቀቱ ሳይበርድ፣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው አንድ ቅጂ አንሥቶ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቤት አይመታም» አለና ክንዴን ያዘኝ። ቤት ይመታ ነበር። እስከ ጣቢያው ድረስ በልቤ የተከራከርሁት ስለዚያ ብቻ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ወዝቶ ጠቁሯል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር በሽቦ የታጠረ ክፍተት አለ፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ በዚያ ይገባል፤ የረጠበ ደንገል ይሸታል። ጣና ከዚያ በእግር ትንሽ መንገድ ነው። እኛ ግን ባሕር ዳር መሆናችንን የምናውቀው በአፍንጫችን ነበር።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ቤተሰብ በር ላይ የሚያቀብለው ስንቅ ሁሉ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዙሪያውን ተቀምጠን እንበላለን። ሽሮው ከምስሩ፣ ተልባው ከጎመኑ ይቀላቀላል። የማን ቤት ወጥ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ምስር ያሳረረች ሚስት ስሟ ሳይነሣ አይታለፍም። በፍስክ ጊዜ ሙስሊሞቹ በሥጋው ምክንያት ለብቻቸው ይበላሉ። ያን ሰሞን ግን የወረታው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ፣ ተለይተው መብላት ስለሰለቻቸው፣ ጾሙ እስኪፈታ ሥጋ አትላኩልኝ ብለው ቤታቸው ልከዋል። ስለዚህ ትሪው አንድ ነበር።

አንድ ስንቅ ብቻ አይገለበጥም። ሰማያዊ ፌስታል ውስጥ ያለ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ የመምህሩ ስንቅ።

ከጎኔ የተቀመጠውን የክፍሉን ኃላፊ ጠየቅሁት። ካቦ እንለዋለን፤ የመራዊ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ውስጥም ሆኖ ሰው እንደሚጭን ሁሉ ይጮሃል። ያን ጊዜ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወይጦ ነው።»

ይፋግ ነው ያደግሁት፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ወይጦዎች የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው፤ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ። አያቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር እየተባለ፣ ሙስሊም ነን ቢሉም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከእነሱ ጋር አይበላም።

«እሱ ጉማሬ በልቶ ያውቃል?» አልሁት።

«አሁን ጉማሬ ከየት ይመጣል?» አለ ካቦ፤ እንጀራውን እየቆረሰ።

መምህሩ ቀጭን፣ ረጅም፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ጀርባውን ቀና አድርጎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ሳይቸኩል ይበላል። በልቶ ሲጨርስ እጁን ያብሳል። ከዚያ የሚሆነውን ባላይ አላምንም ነበር፦ ለብቻው ያስበሉት ሰዎች ሁሉ ፍራሻቸውን እየጎተቱ ይከቡታል።

ታሪክ ይተርክላቸዋል። ተማሪ ሳለ ያነበበውን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የሕንድ ልብ ወለድ፣ ቃል በቃል በሚባል ደረጃ ከትዝታው እያወጣ። እኔ ግጥም የለመድሁት ብቻዬን፣ መጻሕፍት በውሰት እያነበብሁ ነው፤ መምህር የለኝም። ሰው በድምፁ ብቻ ዝናብ ሲያዘንብ ያየሁት እዚያ ነው። ስለ ቆዳ ሲናገር ጣቶቹን እርስ በርስ ያሻል፤ እኛም ቆዳው ለስልሶ እንደሆነ ለማየት አንገታችንን እናሰግጋለን።

ታሪኩ ስለ አንድ ቆዳ ፋቂ ነው። የመንደሩን ቤተ መቅደስ ከበሮ የሚሠራው እሱ ነው፤ ቤተ መቅደሱን ግን አይረግጥም። ሠርቶ ሲጨርስ መሬት ላይ ያስቀምጠውና ራቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ካህናቱ መጥተው ውኃ ይረጩበትና ያነሡታል። በገበያ ሲያልፍ ጥላው ሰው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይዋ የት እንዳለች እያየ ይሄዳል።

«መቼ ነው የሚዘፍኑት?» ይላል ካቦ በየመሐሉ። «የሕንድ አይደለም እንዴ?»

«መጽሐፍ ነው ካቦ። መጽሐፍ ላይ አይዘፈንም።»

«ይህን የመሰለ ግፍ ያለ ዘፈን እንዴት ይቻላል» ይላሉ ሐጂ።

መሪጌታ ግን አይቀልዱም። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ከበሮው ለእነሱ ቅዱስ ነው?» ብለው ጠየቁ አንድ ቀን።

«አዎን መሪጌታ።»

«ቆዳውስ?»

«ቆዳውን ያለፋው እሱ ነው።»

መሪጌታ ሌላ አልጠየቁም። ካቦ በሕንዶቹ ላይ እርግማን አወረደ፤ ሌሎቹም አገዙት። የማክሰኝቱ ገበሬ፣ ዝምተኛው፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። መምህሩ እርግማኑ እስኪያልቅ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ታሪኩ በዓሉ ላይ ደረሰ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ መብራቱ በርቶ፣ ከበሮው በሚመታበት መሐል ቆዳው ተተረተረ። ያለ ከበሮ በዓሉ አይቀጥልም፤ ከበሮውን የሚጠግን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ላኩበት። መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ።

«እሺ ከዚያስ?» አለ ካቦ።

«ቀሪውን ነገ» አለ መምህሩ።

በማግሥቱ ትሪው መሐል ተቀመጠ። መሪጌታ ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ መምህሩ ፌስታሉን ይዞ መጣና ከክቡ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ዛሬ የእናቴ ስንቅ እዚህ ይገልበጥ» አለ። «የታሪኩን ማለቂያ አብረን እየበላን እነግራችኋለሁ።»



«ካልተገለበጠስ?» አለ ካቦ።

«ካልተገለበጠ ታሪኩ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል።»

«በተረት ልታስፈራራን ነው?»

«አላስፈራራሁም ካቦ። ደክሞኛል።»

«ተቀምጠህ እየዋልህ ምን አደከመህ?»

«ሕንዶቹን ስትረግሙ መስማት» አለ መምህሩ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፌስታሉንም ከእጁ አላወረደም። በዚያ ክፍል ቦታ የሰጠው ተረቱ ብቻ ነበር፤ አሁን ያቺኑ ቦታ አስይዞ ቆሟል። እምቢ ቢሉት ከዚያ በኋላ የሚከበው የለም።

የማክሰኝቱ ገበሬ እንጀራውን አንሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። «ክፋት አይደለም ወንድሜ» አለ፤ «ያደግሁበት ነው።» ሌላም አንድ ሰው ተከተለው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ትሪውን ያያሉ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «ምንድን ነው የላኩልህ?»

«ሽሮ ነው መሪጌታ። የጾም ነው፤ በዘይት።»

«አንተ ትጾማለህ እንዴ?»

«እኔ አልጾምም። እናንተ ስለምትጾሙ ነው እንዲህ አድርጋ የምትሠራው።» ፌስታሉን ወደ እሳቸው ዘረጋ። «ጾሙ ከገባ ጀምሮ ሌላ ነገር ልካ አታውቅም። ምናልባት አንድ ቀን ይቀላቀላል ብላ ነው።»

መሪጌታ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያቺ ሴት እሳቸው የማያውቁትን ሳህን ለእሳቸው ስትል ስታጾመው ከርማለች።

«አምጣ» አሉ። ቋጠሮውን በራሳቸው ጥፍር ፈቱ፤ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አላገዛቸውም። ሽሮውን ትሪው መሐል ገለበጡት። ከዚያ ተነሥተው እንደ ወትሮው ጸለዩ፤ ከጸሎቱ አንድም ቃል አልጨመሩም፣ አንድም አልቀነሱም። ተቀመጡ፣ ከሽሮው አጥቅሰው ጎረሱ። ሁላችንም ጉሮሯቸውን እናይ ነበር።

«ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ፤ እጃቸውን ሰደዱ።

ካቦ መጨረሻ ላይ ጎረሰ። አላመጠ፣ ቆም አለ።

«ጨው በዝቶበታል።»

«እናቴ ስትናደድ ጨው ታበዛለች» አለ መምህሩ፤ ተቀመጠ።

እየበላ ጨረሰልን። ቆዳ ፋቂው ከበሮውን በሩ ላይ ጠገነው። ካህናቱ፣ እንደ ወትሮው መሬት ላይ አስቀምጠህ ራቅ በል፣ አሉት። አላስቀመጠም። በሁለት እጁ አቅፎ፣ «ከእጄ ተቀበሉኝ» አለ። በመጨረሻ ከካህናቱ በዕድሜ የገፉት ደፉን ተሻግረው ወጡ፤ ከእጁ ተቀበሉት። ከበሮው ተመታ።

«ይኸው ዘፈኑ መጣ» አለ ካቦ። ግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ማላመጣቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር።

ከሁለቱ አንዱ በማግሥቱ ወደ ትሪው ተመለሰ። የማክሰኝቱ ገበሬ እስኪፈታ ድረስ ለብቻው በላ፤ ሲወጣ ግን የመምህሩን ትከሻ ስሞ ነው የሄደ። ሰማያዊው ፌስታል ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ አልተቀመጠም።

ከተፈታሁ በኋላ መጽሐፉን ፈለግሁት። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው አገኘሁትና ሐይቁ ዳር ተቀምጬ በአንድ ቀን ጨረስሁት። መጨረሻው እንዲያ አይልም። ሰውዬው ከበሮውን ጠግኖ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ውኃ ይረጩበታል፤ በዓሉ ይቀጥላል፤ እሱ ድምፁን ከኋላው እየሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መምህሩን ሠፈራቸው ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ከቤቱ ደጃፍ የታጨደ ደንገል ለፀሐይ ተሰጥቷል። መጽሐፉን አሳየሁት።

«አንብበኸዋል ማለት ነው» አለ እየሳቀ።

«ለምን ለወጥኸው?»

«እንደ መጽሐፉ ልነግራችሁ ነበር ያሰብሁ፤ እንድታፍሩ። መሪጌታ ሽሮውን ከገለበጡ በኋላ ግን በምን አፌ?»

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ በሥራው በኩል ከተመዘነ የመጽሐፉ አጨራረስ ይበልጣል። ጠንካራ ነው፤ ስለ ሕንድም ስለ እኛም አይዋሽም። ግን የመምህሩም ውሸት አልነበረም። ከአፉ ከመውጣቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ፣ ሽማግሌው በጥፍራቸው ቋጠሮ ሲፈቱ፣ ዓይናችን እያየ ተደርጓል።