«እንደተመቸህ» ያጠፋው ድምፅ

ይኸውና ደግሞ! ሦስተኛው መኪና ነው፣ መስኮቱን ከፍቶ ያንኑ ዘፈን እያስጮኸ በፀጉር ቤቴ በር ሲያልፍ። የእኛ፣ የለንደን ቶተንሃሙ ራፐርና የአትላንታው ራፐር አብረው ስለሠሩት ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን ነፍቷል። እኔ ግን ገና ሲጀምር ደሜ ይፈላል።

ቅንብሩ የሬናልዶ ባርትሊ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ ከሥራ ሲመለስ መኝታ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ሙዚቃ ያቀናብራል። እግሩን ብትረግጠው ይቅርታ የሚጠይቅህ እሱ ነው። ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ በዚህ!

አቀናባሪዎቻችን ሥራው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ መጀመሪያው ላይ አጭር ድምፅ ያስገባሉ። አንዱ ስሙን ያስጠራል፣ ሌላው ውሻውን ያስጮኻል። ሬናልዶ ያስገባው እናቱን ነው። ሚስ ኢሲልዳ ዓሣ እየጠበሱ ከወጥ ቤት የጮኹበትን ሳያውቁ ቀድቶባቸው ነበር። «ሬናልዶ! ቀንሰው እሱን ነገር! ጆሮዬን ልታደነቁረው ነው?» የሬናልዶ ሥራ ሁሉ በዚህ ነው የሚጀምረው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚስ ኢሲልዳን ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸው ግን እንደወጣ ቀረ። መንገደኛውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ልክ ልኩን ይነግር የነበረ አንደበት! ልጃቸው ታዲያ «አይዞሽ እማዬ፣ ድምፅሽን በሬዲዮ አሰማሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ከዚያ ወዲያ የወጥ ቤቱ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም።

ከአትላንታ መልእክት የመጣለት ቀን እኔ ወንበር ላይ ነበር፣ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ። አነበበልኝ፦ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ የምትጮኸው ሴትዮ የግድ ታስፈልጋለች? ብትወጣ እኔ ቶሎ እገባለሁ።»

«ምን ልትለው ነው?» አልኩት።

ጽፎ አሳየኝ። «ብትቆይ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንደተመቸህ፣ ምንም ችግር የለም።»

እዚህ እንግሊዝ አገር ሰው ሆዱ ሲቃጠል ነው እንዲህ የሚለው። እኛ ብንሆን «እንዳትነካት ማለቱ ነው» ብለን እጃችንን እንሰበስባለን።

«ሰውዬው እኮ አሜሪካዊ ነው!» አልኩት። «እናቴ ናት፣ እንዳትነካት በለው። አለቀ!»

«ኧረ ተው ግላድስተን፣ እንደሱ ይባላል እንዴ? ነውር ነው። ደግሞ ይገባዋል፤ ይኼ የማይገባው ሰው አለ?»

ምላጩን አንስቼ የቀረውን ግማሽ ራሱን መላጨት ቀጠልኩ። ያን ቀን ስልኩን ነጥቄ እኔው መጻፍ ነበረብኝ።

አርብ ጠዋት ዘፈኑ ወጣ። ሬናልዶ ፊቱ አመድ መስሎ ፀጉር ቤቴ ገባ። «የለችም! አውጥቷታል!» አለኝ። እዚያው ቆሞ «እናቴ ነበረች። ለምን አወጣሃት?» ብሎ ጻፈለት፤ በዕድሜው ሙሉ ያለ «ይቅርታ» ሲጽፍ ያየሁት ያኔ ነው። መልሱ ቀትር ላይ መጣ። «ውይ ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም? አሁን እኮ ሕዝብ ሰምቶታል።»

የሚያሳርረኝ ሰውዬው እውነቱን መሆኑ ነው።

«ሬዲዮ ላይ ሳይለቁት ለእማዬ ልንገራት» አለና ወጣ፤ እኔም በሩን ቆልፌ ተከተልኩት። ስንገባ ግን ዘፈኑ ሊለቀቅ ነው። ሚስ ኢሲልዳ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ባርኔጣ አድርገው ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጋዜጠኛው የዘፈኑን ስም ጠራ። ሬናልዶ አፉን ሲከፍት ጣታቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

ሙዚቃው ጀመረ። እሳቸው የሚገቡባት ቦታ ደረሰች፤ የአትላንታው ሰውዬ ገባባት። ጣታቸው እንደተነሳ ቀረ። ቀጥሎ እመጣ ይሆናል ብለው ነው መሰል፣ እስከ መጨረሻው ግድም ጠበቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሬናልዶ። «እንዳትነካት ማለት አፍሬ ነው።»

ሚስ ኢሲልዳ አላለቀሱም። እጃቸውን ዘረጉና ሬዲዮውን ራሳቸው ቀነሱት።