የበርቲ ሰባት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴን ሜሮንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች አፕል ቫሊ ወደሚገኘው የወላጆቼ ቤት መጥተው ነበር። ምሳ ተበልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ሲመስል አባቴ መነጽሩን አጠለቀና «እንግዲህ ዘር እንቁጠር» አለ። በእኛ ወግ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንደሌላቸው ይጣራል፤ አባቴ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ሽማግሌዎቹን ድራይቭ አድርጎ ያመጣቸው ራሱ ሙሽራው ስለነበር፣ ልጁ ውጭ ከቆመው መኪናው ተጠርቶ ገባ። እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደው። የአባቱንና የአያቱን ስም ከጠራ በኋላ ቆመ። ቀሪውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ላሉት አክስቱ ተደወለ። በዚህ መሃል እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። አባቴ ግን ከወረቀቱ ቀና ብሎ «በርቲ ትዝ ብሏት ነው፤ ተዪያት» አላት።

በርቲ ውሻ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከአገር ቤት ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን። ሚኒያፖሊስ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ከክፍል በኋላ ደግሞ በባቡር ወደ ሴንት ፖል ተሻግሬ ከስኔሊንግ አቨኒው ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ውሻ አንሸራሽራለሁ። ይህ ሥራ ለአባቴ ሊዋጥለት አልቻለም። እሱ ባደገበት የሸዋ ገጠር ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ ሰው ቀጥሮ ሽርሽር አይወጣም። በቫኑ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ ራት ላይ ስንገናኝ «እሺ ሰብልዬ፣ ዛሬስ ጌታሽ የት ወሰደሽ?» ይለኛል።

የበርቲ ባለቤት ማርጋሬት የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ እሳቸውና በርቲ ብቻ ናቸው። በርቲ ዘሩ የጠራ የእንግሊዝ በግ ጠባቂ ነው። ራሱ ነጭ፣ ጀርባው ግራጫ፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ የወረደ፤ ሲቀመጥ ጋቢ ተከናንቦ ችሎት የሚጠብቅ ሽማግሌ ይመስላል። ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር ግን የሽማግሌ ጠባይ አልነበረውም። ቁልፍ ስከፍት ከነሙሉ ክብደቱ ደረቴ ላይ ይወጣል።

ፍሪጁ ላይ ማርጋሬት በትልልቅ ፊደል የጻፉት ማስታወሻ ተለጥፏል፦ «ከራሱ ምግብ በቀር ምንም!» ማንበብ አላቃተኝም። ችግሩ የመጣው ከምሳዬ ነው። ስኔሊንግ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥብስ ፍርፍር ይዤ እመጣና በርቲን ይዤ መናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በርቲ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ጉርሻ ከሳህኑ እስከ አፌ በአፍንጫው ይከተላል። እኔ ዓይን እያየኝ ብቻዬን መብላት አልተማርኩም። አንድ ቀን አጎረስኩት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና ሁለተኛውን አስከተልኩ። ከዚያ በኋላ ምሳችን የጋራ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዓመት በዚያ ከተማ የቅርብ ጓደኛዬ እሱ ነበር።

ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር የበርቲ አረማመድ ተለወጠ። የፊት እግሮቹን እንደ ሰልፈኛ ወታደር ከፍ እያደረገ ያነሳል። ሲዞር ወገቡ ወደ ሌላ ይሄድበትና ቅጠሉ ውስጥ ይዘረጋል። ተነስቶ እንደገና ጅራት የሌለው ቂጡን እየወዘወዘ ወደ እኔ ይመጣል። መጀመሪያ ቅጠሉ አዳልጦት ነው አልን። ኋላ ግን ሊበላ ሲያጎነብስ ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አፍንጫው ሳህኑን ይስታል።

አንድ ከሰዓት ባቡር ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ለውሻ ምን ምን እንደማይሰጥ ፈለግሁ። ሽንኩርት ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። ስልኩን ጭኔ ላይ ደፋሁት። የእኛ ወጥ ሽንኩርት አለበት አይባልም፤ ራሱ ሽንኩርት ነው። በርቲን በገዛ እጄ፣ ያውም በጉርሻ፣ መርዤዋለሁ ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ብናገር ማርጋሬት ያለ በርቲ ምን ይሆናሉ? ባልናገርስ? ጉርሻውን አቆምኩ፤ በርቲ ግን ይባስ እንጂ አልተሻለውም። ደግሞም ለምን እንዳቆምኩ ስለማያውቅ ምሳ ሰዓት ላይ እየተንገዳገደ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አገጩን ያሳርፋል። ያኔ ማልቀስ ይመጣብኛል።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ማርጋሬት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዙለት። በርቲ የእሳቸውን ትንሽ መኪና መውጣት ስላቃተው አባቴን ለመንኩት። እያጉረመረመ መጣ። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ ያንን ሁሉ ፀጉር ታቅፎ ሲያስገባም «እንኳን ኤርፖርት የሚሄድ አልሆነ፤ ሻንጣ መስሏቸው ይጭኑት ነበር» አለ።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። በርቲን አስኬደችው፣ አዞረችው፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገች። ከዚያ «ያልተለመደ ነገር በልቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። ማርጋሬት «በፍጹም» አሉ። የበርቲ ራስ እግሬ ላይ ነበር።

«በልቷል» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሁት። ሽንኩርት። ብዙ ሽንኩርት።» ስለ ጉርሻው፣ ስለ አግዳሚው ወንበር፣ ለምን ሁለት መሆን እንዳለበት እንኳ ሳይቀር እያለቀስኩ ተናገርኩ። አባቴ በአማርኛ «አንቺ ልጅ፣ ለውሻ ጉርሻ?» ብሎ ራሱን ያዘ።

ማርጋሬት ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «እኔም በየጠዋቱ ከራሴ ቁርስ ቤከን አካፍለዋለሁ» አሉ። «ፍሪጁ ላይ ያለውን ማስታወሻ የጻፍኩት ለራሴ ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ሁለታችንንም ግን አልማረችንም። ሽንኩርት ለውሻ እውነትም መርዝ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይለመድሽ አለችኝ። የሚጎዳው ግን ደሙን ነው እንጂ አረማመዱን አይደለም። ደሙን መረመረችው፤ ደህና ነበር። «እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው» አለች። «እርምጃን የሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል ሴሎቹ ያለጊዜያቸው እየሞቱ ይመስለኛል። በዘር የሚመጣ በሽታ ነው። የሚታመመው ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው ብቻ ነው።»

«ከሁለቱም?» አለ አባቴ። እስከዚያ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር። «የዘር ሐረጉ የተጻፈበት ወረቀት አለ?»

ማርጋሬት ከቦርሳቸው የበርቲን ወረቀት አወጡ። አባቴ መነጽሩን አጠለቀ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቅድመ አያቶች ሁሉ ሎርድና ሌዲ የሚል ማዕረግ ነበራቸው። «አምስት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለት ይጎድላል» ብሎ ቅር እያለው በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ሰብልዬ፣ ንገሪያቸው። ይሄ ሎርድ ባርናቢ የሚባለው የአባቱ አባት ነው። የእናቱም አያት እሱው ነው። እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው! ማን ነው ያጋባቸው? ሽማግሌ የለም እንዴ?»

ተረጎምኩላቸው። ዶክተሯ ወረቀቱን ተቀብላ አየችና፣ አባትሽ ሥራ ይፈልጋሉ ወይ ልትል የፈለገች ይመስል ፈገግ አለችልኝ። ከበርቲ ጉንጭ በጥጥ ናሙና ወሰደች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመጣው ውጤት አባቴ በጣቱ የደረሰበትን አረጋገጠ። በአባቴ ውትወታ ማርጋሬት ውሻውን ላረባችው ሴት ደውለው ነገሯት፤ ሴትዮዋም ሌሎቹን ውሾቿን ሳታስመረምር እንደማታጋባ ቃል ገባች።

ያን ቀን ግን ማርጋሬት አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለጉት። «በመርፌ ማሳረፍ አለብኝ?» ብለው በቀጭን ድምፅ ጠየቁ። ዶክተሯ መድኃኒት እንደሌለው አልደበቀቻቸውም። ቀስ እያለ ይብስበታል፤ አያመውም ግን፤ እየበላና ደስ እያለው ከሆነ ብዙ ሊኖር ይችላል አለቻቸው። ማርጋሬት በርቲን አንገቱን አቀፉት። እኔም ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ።

በመኪናው ስንመለስ አባቴ «ልጄን ሁለት ሳምንት ያስለቀሳት ለካ ያ ባርናቢ ነው» አለ።

በሳምንቱ ከአንድ ጓደኛው ቁርጥራጭ ምንጣፍ ለምኖ፣ በዚያ በሚያንሸራትት የእንጨት ወለል ላይ ከማድ ቤት እስከ ደጅ ድረስ አነጠፈለት። «አስፋልት» ብለን ሰየምነው። በርቲ አስፋልቱን ይዞ ለአራት ዓመት ያህል እየተንገዳገደ ተመላለሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከሥራ ሲወጣ «መንገዱን ልየው» እያለ ይሄድ ነበር፤ መንገድ ለማየት የተቀቀለ ሥጋ በኪስ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ሌላ አላውቅም። ጨው እንኳ የለበትም ብሎ ይምልልኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን ባልናገር ኖሮ የሚጠራ አይመስለኝም፤ ዛሬም ድረስ በርቲን የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር። ሰው ከመወለዱ በፊት የተጻፈለትን ነገር የራሱ ጥፋት አድርጎ እየቆጠረ ስንት ዘመን ያለቅሳል?

ቅዳሜ ዕለት አክስትየው በስልክ ሰባቱንም ቆጠሩ። ዝምድና አልተገኘም፤ እልል ተባለ። አባቴ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ወደሚያኖርበት ትልቅ ፖስታ ወረቀቱን ሲመልስ ሌላ ወረቀት አብሮ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንስተው «ሎርድ... ሌዲ... ይሄ ደግሞ የማን ዘር ነው?» አሉ። ማርጋሬት በርቲ የሞተ ጊዜ የሰጡት ነው። ፖስታው ውስጥ እንዳኖረው እኔም አላውቅም ነበር።

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለና በጥንቃቄ ከእኛ ስሞች መሃል መልሶ ከተተው።

«የቤት ነው» አለ።