ነጠላ እየተከተልን ያፈራናቸው ጓደኞች

በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ላይ ለብዙ ዓመት አንድ ሕግ ነበረኝ፤ እጁን ያልጨበጥኩትን ሰው ጓደኛ አላደርግም። የጋዜጠኝነት በሽታ ነው። “አርባ ሦስት የጋራ ጓደኞች አሏችሁ” የሚል ጽሑፍ ሲመጣልኝ እንደ መረጃ አልቆጥረውም። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የማላውቀው ሰውዬ የጓደኝነት ጥያቄ ላከልኝና ከጋራ ጓደኞቻችን ለአምስቱ ደወልኩ። አንዳቸውም አያውቁትም። የተቀበሉት ሌሎቹ ተቀብለውት ስላዩ ብቻ ነው። አምስተኛው ጭራሽ፣ “እንዲያውም ስለ እሱ አንቺን ልጠይቅሽ ነበር” አለኝ።

ሕጉ የፈረሰው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ያፈረሱት ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው።

ጎረቤቴ ሽሮ ሜዳ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የሸመኑ ሰው ናቸው። የሽመና ክፍላቸውንና የእኔን የሥራ ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። እኔ ስጽፍ እሳቸው ይሸምናሉ፤ የመወርወሪያቸው ድምፅ ሲቋረጥ እኔም ቀና እላለሁ። ያን ቅዳሜ ድምፁ ጠፍቶ ቆየና የእኔ በር ተንኳኳ።

“አንቺ ልጅ፣ አለሽ?”

ሃምሳን ካለፍኩ ሰንብቻለሁ። ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።

“ይግቡ ጋሼ።”

“ሰው ፈልጊልኝ። ያ ስልክሽ የጠፋ ሰው ያገኛል አሉ።”

የሚፈልጉት የድሮ የሥራ ባልደረባቸውን ነው። ሁለቱ ሸማኔዎች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን በተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች እግራቸውን ከተው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። የጎረቤቴ አንድያ ልጅ ቆማ መሄድ የጀመረችው በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል፣ አንዴ የአንዱን አንዴ የሌላውን ትከሻ ይዛ ነው። ያኔ፣ ይህችን ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሲመጣ አብረው ተቀምጠው ሊቀበሉ ቃል ተገባቡ። ከዚያ አብረው ይሠሩበት የነበረው ሰፈር ፈረሰ፤ ሰው ተበተነ፤ ስልክ ቁጥር ተቀየረ። ከተያዩ ሰባት ዓመት ሆናቸው። አሁን ሽማግሌዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ይመጣሉ።

“ብቻዬን ከተቀመጥኩ ቃሌን በላሁ ማለት ነው” አሉኝ። “ልጅቷም ‘ያኛው አባቴስ?’ እያለች ነው።”

እንደ ልማዴ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ሙሉ ስም፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ። ስሙን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። መዓት ሰው መጣ። አንዱ መኪና ተደግፎ የቆመ ጎረምሳ፣ አንዱ ሙሽራ፣ አንዱ ፎቶ የሌለው፣ አንዱ በራሱ ፎቶ ፋንታ አንበሳ የለጠፈ። ጎረቤቴ ከትከሻዬ በላይ እያዩ አንድ በአንድ ይጥሏቸዋል። “አይደለም። አይደለም። ይሄማ አንበሳ ነው።” በመሃል ከሙሽራው ጎን የቆመች ሴት ስትታይ ክንዴን ያዙኝ።

“ቆይ ቆይ! አሳድጊልኝ።”

ፊቷን አሳደግኩ።

“ፊቷን ምን አደርገዋለሁ? ነጠላዋን! ጥለቱን!”

ጥለቱን አሳደግኩ። የጓደኛቸው እጅ ነው አሉኝ፤ ጓደኛቸው ግራኝ ነው። በጥለቱ ላይ የሚያወጣቸው ሰያፍ መስመሮች ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። “የፊቱን ከጀርባው ለይተሽ ካየሽ አይጠፋሽም” አሉኝ። “እንደ እጅ ጽሕፈት ነው።” ይሄ ደስ አለኝ። ማስረጃ ነዋ።

“ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?”

“የእሷን ወዳጆች አሳዪኝ። ሰው ነጠላ የሚገዛው ወዳጁ ከገዛበት ነው።”

በሙያዬ ብዙ የመረጃ አፈላለግ ዘዴ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። ከሴትየዋ ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ዕድር ጓደኛዋ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰርግ። ፊት የሚያይ የለም። የበዓል ፎቶ ሲገኝ እሰየው ነው፤ ኮት የለበሰ ሰው ወዲያውኑ ይታለፋል። ማየት የሚቻለው እዚህ ድረስ ነው የሚል ገጽ ሲገጥመን፣ “ጓደኛ ካልሆንን ሌላው ፎቶ አይታይም” ብዬ ነገርኳቸውና አለፍነው። በዚህ መሃል አለቃዬ በሌላው ስልኬ ደወለ። ግቢ ወጥቼ አሥር ደቂቃ አወራሁ።

ስመለስ ጎረቤቴ አመልካች ጣታቸውን ቀስረው በጥሞና ይጫናሉ።

“ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ሰላም እያልኳቸው ነዋ።”

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ለስድሳ አንድ ሰው፣ በእኔ ስም፣ የጓደኝነት ጥያቄ ሄዷል።

“ይሄ እኮ ሰላምታ አይደለም!”

“ታዲያ ምንድን ነው? ሰው ቤት ገብቼ፣ ልብሱን አገላብጬ አይቼ፣ ሰላም ሳልል ልውጣ? እንዲህ ነው እንዴ እናንተ የምትሠሩት?”

መልሱ ከስልኩ መጣ፤ ይንጫጫ ጀመር። አንዷ ተቀበለች፣ አንዱ ተቀበለ፣ ሦስተኛዋ “እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እናት” አለችኝ። አንድ ሰውዬ ገና ከመቀበሉ፣ “ጋዜጠኛዋ አንቺ ነሽ? ያ የመንገድ ዘገባሽ ስህተት አለበት” ብሎ ጻፈ። ስህተት የለበትም። ይህንን እዚህም ልመዝግበው እወዳለሁ።

ከተቀበሉት መካከል አንዲት ወጣት ነጠላ ለብሳ እንጦጦ ላይ ራሷን ያነሳችው ፎቶ ነበራት። ጎረቤቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት።

“እጁ የእሱ ነው። ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ምን ነካው? ታሞ እጅ ቀየረ እንዴ?”

ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ የማየው ጥለቱን አልነበረም። ከልጅቷ ኋላ አንድ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ የተጻፈበት ፊደል አይነበብም። ሁሉም ፊደል ፊቱን አዙሯል።

“ጋሼ፣ ፎቶው ነው የተገለበጠው። ስልክ አንዳንዴ እንደ መስታወት ነው የሚያነሳው። ቀኝ የሚመስለው ግራ ነው።”

ጎረቤቴ በጥለቱ መሃል ያለችውን የምታብለጨልጭ አረንጓዴ ክር በጥፍራቸው ነኩ።

“ይቺ ክር ገበያ የገባችው አምና ነው።”

“እና?”

“እና በሕይወት አለ። እየሠራም ነው።” በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና ወዲያው፣ “አሁንም ግን ቀለም ያበዛል” አሉ።

ለልጅቷ ጻፍኩላት፤ ጓደኛ ሆነናልና አላፈርኩም። ነጠላውን ከየት ነው የገዛሽው? ወዲያው መለሰች። ሽሮ ሜዳ፣ ሰማያዊ በር ካላት ሱቅ።

ሰማያዊ በር ያላት ሱቅ ከቤታችን ደጃፍ ቆመው ሲያዩ የምትታየው ናት።

“ጋሼ! እዚሁ እኮ ነው!”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ባለሱቋን ጠይቀዋት አያውቁም?”

“እኔ እዚያች ሴትዮ ጋ አልገባም።”

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ከሰባት ዓመት በፊት ባለሱቋ የጓደኛቸውን ነጠላ በሩ ላይ ሰቀለች፤ የእሳቸውን ከውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር አስቀመጠች። እሳቸው ተቆጡ። እሷን ዘጉ። ጓደኛቸውንም ለጥቂት ቀን ኮረፍ አደረጉት። ሰፈሩ የፈረሰው በዚያው ሳምንት ነበር።

“ዛሬ ስድሳ አንድ የማያውቁትን ሰው ሰላም ብለው የለም እንዴ?” አልኳቸው።

“እነሱ ምን አደረጉኝ?”

በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። ዝም አልኩ። ጎረቤቴ ጣሪያ አዩ፣ መሬት አዩ፣ ስልኬን አዩ። መጨረሻ ላይ ተነሱና ነጠላቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

ባለሱቋ ከበሩ ጀምራ አየችን። መነጽሯን አወለቀች።

“ጤና ይስጥልኝ” አሉ ጎረቤቴ፣ ለግድግዳው።

“አብሮ ይስጥልን። ሰባት ዓመት በዚህ በር ስታልፍ አንገትህ አልተጣመመም?”

“ሥራ በዝቶብኝ ነው።”

“ጓደኛህም በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሥራውን ሊያስረክበኝ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ስለ አንተ ይጠይቀኛል። ‘ሲያልፍ አየዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው’ እለዋለሁ። ‘ሂድና ሰላም በለው’ ስለው ደግሞ፣ ‘ተቀይሞኛል፣ ፊት ቢነሳኝስ?’ ይላል። ሁለት ሽማግሌ እንደ ልጅ!”

ሌላ ክርክር ሳትጠብቅ ደውላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችው።

“ግራኝ” አሉ ጎረቤቴ። “ያን አረንጓዴ ክር ማን አስለመደህ?”

ከስልኩ ውስጥ የመጣውን ሳቅ ባለሱቋም እኔም ሰማነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በተባለው እሁድ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ልጅቷ ጓዳ ነበረች፤ እኔ ከእሷ ጋር በመጋረጃው ክፍተት አያለሁ። ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን፣ ልክ እንደ ድሮው ግራኙ በግራ በኩል፣ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመጡበትን ተናገሩና መልስ መጠበቅ ጀመሩ። መልስ የለም። ጠበቁ። ሁለቱ ሸማኔዎች አንገታቸውን አስግገው የመሪውን ሽማግሌ የጋቢ ጠርዝ እያዩ ይንሾካሾካሉ።

“የማን እጅ ይመስልሃል?”

“እኔ እንጃ። ያንተ ይሆን?”

“እኔ እንዲህ ላላ አድርጌ ሸምኜ አውቃለሁ?”

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ልጅቷ ከአጠገቤ ኃይለኛ ሳል ሳለች። ሁለቱም እኩል ደንግጠው ቀና አሉና በአንድ ድምፅ፣

“ተቀመጡ እንጂ!” አሉ።