የቤተሰብ ቀን ከገደሉ ሥር

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ነበር የሚወራው። በአጥራችን ሥር የሚያልፍ ሰው ጠብ ያለ ይመስለው ነበር። እናቴ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ ከጓዳ እስከ ደጅ የሚሰማ ድምፅ ታወጣለች። ጠብ ግን አልነበረም። የአባቴ ጆሮ እየደከመ ነበር፤ ይህንንም ከእናቴ፣ ከእኔና ከሥራ ባልደረባው ከአበጀ በቀር ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም ነበር።

አባቴ ተገኝ ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ የሚወርደውን መንገድ በሚሠራው ድርጅት ድማሚት የሚያፈነዳ ሠራተኛ ነበር። አለቱን ይበሳል፣ ድማሚቱን ይጠቀጥቃል፣ ክሩን ይለኩሳል፤ ከዚያ ሸሽቶ ያዳምጣል። የሥራው ግማሽ ማዳመጡ ነው። የተቀበረው ሁሉ መጮኹ ሳይረጋገጥ ማንም ወደ ገደሉ አይጠጋም። ሳይጮኽ የቀረ ጉድጓድ የተኛ እባብ ነው ይል ነበር፤ የሚረግጠውን ይጠብቃል። ጉድጓዶቹ ሲጮኹ አበጀ ከጎኑ ቆሞ ለእያንዳንዱ አንድ ጣት ያጥፋል። አባቴ የሚያዳምጥ መስሎ የአበጀን ጣቶች ያያል። ሥራው ለረጅም ጊዜ የሄደው እንዲህ ነበር።

ሲመለስ ኮቱ ራስ የሚያሳምም፣ የሚመር ሽታ ይዞ ይመጣል። እናቴ ገና ከበር ታስወልቀውና አጥር ላይ ታሰጣዋለች። እኔ ግን ሳትታይ ሄጄ አሸተው ነበር። ያ ሽታ ከሌለ አባቴ ወደ ቤት ያልገባ ይመስለኝ ነበር።

ጥምቀት አልፎ፣ ገብሱም ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ድርጅቱ የሠራተኞች የቤተሰብ ቀን እንዲዘጋጅ ወሰነ። ዝግጅቱን የያዘችው የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሪት አልማዝ ነበረች። የከተማ ልጅ ናት፤ ፈጣንና ደግ። በየቤቱ እየዞረች ልጆቹ ምን ይወዳሉ ብላ ጠየቀች። በሬ አስገዛች፣ የሠራተኞቹን ካምፕ ሴቶች ጠላ አስጠመቀች፣ የመኪና ሸራ ሰብስባ ድንኳን አስተከለች። ከሁሉ በላይ የወደደችው ሐሳብ ደግሞ ይህ ነበር፦ ቤተሰቦች ሁሉ በሩቁ ተቀምጠው ገደሉ ሲፈነዳ ይመለከታሉ፤ ከዚያ ልጆቹ እስከ ገደሉ ሥር ሮጠው አባቶቻቸው የፈለጡትን ድንጋይ ይዘው ይመለሳሉ፤ የቀደመ ይሸለማል። ክፋት አልነበረበትም። ዛሬ ሳስበው እንኳ ያማረ ሐሳብ ነው።

እናቴ ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ደግሞ ድማሚት የሠርግ ዘፈን ሆኖ ነው የምንጋበዘው?» አለች።

አባቴ ሳቀ። ሥራውን አይተንለት አናውቅም ነበርና ደስ ብሎታል።

በዚያ ቀን ነፋስ አልነበረም። ንፋስ መውጫን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የድንኳኑ ሸራ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የበሬው ደም ሽታ ከታረደበት ቦታ አልነቃነቅ ብሏል። ከገደሉ አፋፍ ላይ የማይጠፉት ቁራዎችም አልነበሩም። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በተረተሩ ላይ ተደረደሩ። እኛ ልጆች በኖራ የተሰመረው መስመር ላይ ቆምን። ከፊታችን ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ገደሉ፣ በገደሉ ላይ ደግሞ አንገቱን ወደ ታች ያሰገገ ትልቅ አለት ነበር።

ከጎኔ የቆመው መንገድ መዳመጫውን ሩሎ የሚነዳው ሰው ልጅ ሙሉቀን ነበር፤ በኋላ ባሌ የሆነው ሙሉቀን። ጫማው እንዳይወልቅበት በገመድ ጠምጥሞታል።

«አንቺ ቀስ ብለሽ ነይ፤ አንድ ድንጋይ እተውልሻለሁ» አለኝ።

«አባቴ ያፈረሰውን ድንጋይ አንተ ልትተውልኝ? አንተ የአባትህን ሩሎ ግፋ!»

ልጆቹ ሳቁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ የማስጠንቀቂያው ፊሽካ ተነፋ፤ አባቴና አበጀ ከገደሉ በኩል እየሮጡ መጡ።

የመጀመሪያው ሲጮኽ ምድሪቱ ከእግራችን ሥር ተነሥታ የተቀመጠች መሰለን። ሕፃናት አለቀሱ። ሁለተኛው ሲከተል ከተረተሩ ላይ አንዲት ባልቴት፣ ታቦት እንደ ወጣ ሁሉ፣ እልል አሉ። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው። አገሩ እንዲህ ነው፤ የሚያስፈራ ግርማ ሲታይ ሴት እልል ትላለች እንጂ ዝም አትልም። ገደሉ ይጮኻል፣ ሸለቆው ይመልሳል፣ እልልታው በላዩ ይፈስሳል። ፍንዳታውንና የገደል ማሚቶውን የሚለይ ሰው አልነበረም። ጢሱ ቀስ እያለ ሲወጣ ያ አንገቱን ያሰገገው አለት እንደ ቆመ ነበር።

እኔ የማየው አባቴን ነበር። አባቴ የአበጀን እጅ ያያል። የአበጀ እጅ ጣቶቹ ግማሽ ታጥፈው ግማሽ ተዘርግተው በአየር ላይ ቀርተዋል። አበጀ ደግሞ አባቴን ያያል።

ፎርማኑ ካሣ ሩጫውን ለማስጀመር ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያነሣ አባቴ መስመሩን ተሻግሮ ከፊታችን ቆመ።

«ጋሽ ተገኝ፣ ምነው? አለቀ እኮ!» አለ ካሣ።

«ከአለቱ ሥር ያለው አልጮኸም።»

«ሁላችንም የሰማነውን? እናንተዬ፣ አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል!» አለ ተረተሩ በሙሉ። ወይዘሪት አልማዝም አጨበጨበች።

ካሣ ወደ አበጀ ዞረ። አበጀ ራሱን አከከ። «እልልታው ነው እንጂ… ጮኋል መሰለኝ» አለ።

አባቴ ገደሉን፣ ከዚያም እኛን አየ። ምን እያሰበ እንደነበር ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። አልሰማሁም ካለ ሥራውን ማጣቱ ነው። ሰምቻለሁ ካለ ደግሞ እኛ ልጆቹ ወደዚያ አለት ሥር ልንሮጥ ነው። እናቴ ከተረተሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እኔ አልሰማሁም» አለ፤ እቤታችን በለመድነው ድምፅ፣ ጮክ ብሎ። «ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። የምሠራው በአበጀ ጣት ነው። አበጀ መሰለኝ ካለ አልታወቀም ማለት ነው። ልጆቹ አይሄዱም።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ጉድ ነው! ደንቆሮ ነው እንዴ ድማሚት ሲያፈነዳብን የኖረው?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን አባቴ አልሰማውም። እኔ ሰማሁት።

ካሣ ተቆጣ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ። የአንዳንዱ ልጅ አባት ሳይቀር፣ ልጆቹን አሳቀቃቸው ብሎ ተቆጣ። አባቴ ግን ፊቱን ወደ ገደሉ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ ኖራው ላይ ተቀመጠ።

ምሳው ቀረበ። ሁላችንም ገደሉን እያየን በላን። ምንም አልሆነም። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር፤ ምንም አለመሆኑ። አንድ የካምፕ ውሻ አጥንት በአፉ ይዞ ሜዳውን አቋርጦ እዚያው አለት ሥር ገብቶ ተኛ። ጉርሻው በየሰዉ እጅ ላይ ቀረ። የሚያጉረመርም ጠፋ፣ የሚጠጣ ጠፋ። ውሻው አጥንቱን ጨርሶ፣ ተዘረጋግቶ፣ ተመለሰ።

«ውሻው ሰምቶ ነበር ማለት ነው!» አለ ያው ቀልደኛ፤ እንደገና ተሳቀ። ሙሉቀን ግን ያለቅስ ነበር። «እኔ ነበርኩ የምቀድመው» ይላል፣ ጫማው ላይ የጠመጠመውን ገመድ እየፈታ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴና አበጀ ብቻቸውን ሄደው ጉድጓዱን በጥንቃቄ ከፈቱት። የክሩ እሳት መሐል ላይ ጠፍቷል። ድማሚቱ እንዳለ ተቀምጧል። ወሬው ካምፑን ሁሉ አዳረሰ፤ ግን ወደ ቤታችን መጥቶ ይህን የተናገረ ሰው ከወይዘሪት አልማዝ በቀር አልነበረም። እሷም እናቴን አቅፋ አልቅሳ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች።

አባቴ ከገደሉ ተነሥቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ደመወዙ ወረደ፤ የኮቱም ሽታ ጠፋ። እናቴ በባህርይዋ ሁሉን ወደ ቀልድ የምትለውጥ ናትና ለዓመታት ታሪኩን እየተረከች ሰውን ታስቅ ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኛው ሰውዬ ግን አፉን ከፍቶ እንጀራውን አበረረ» ትላለች። ሙሉቀን ካገባኝ በኋላ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «እናትዬ፣ እስቲ እንደገና ይንገሩን» ይላታል። እሷም ደስ ብሏት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጉድጓዱ ሲከፈት የተገኘውን ግን ብዙ ጊዜ ሳታነሣው ታልፋለች፤ እሱ አያስቅማ።

ሙሉቀን ሾፌር ሆነ። ጠጠር ሲያመላልስ ኖሮ ባለፈው ዓመት ወደ እስቴ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ይዛው ገደል ገባች። ለቅሶ ላይ መካኒኩ አጠገቤ ተቀምጦ ወለሉን እያየ ፍሬኗ መድከሙን ነገረኝ። እሱ ያውቅ ነበር። ረዳቱ ያውቅ ነበር። ባሌ ሙሉም ያውቅ ነበር። «ብናገር መኪናዋን ለሌላ ይሰጡብኛል ይል ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ቀልድ በጆሮዬ ሲመጣ የሙሉ ሳቅ አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱንም ልሸሽ እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም ደግሞ ይናፍቁኛል።

ዘንድሮ ሙሉ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ንፋስ መውጫ ላይ የቤተሰብ ቀን አደረገ። ዝግጅቱ የአሁን ጊዜ ነው። በስልክ ተጠራን፤ ለልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ታደለ፤ ፊኛ ተነፋ፤ የድምፅ ማጉያው ጎረቤት እስኪረበሽ ይጮኻል። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎን ይዞ የበኩር ልጄን ስም ጠራ። በአባቱ ቦታ እንደተቀጠረ ተናገረና ቁልፍ ሰጠው። ያችው መኪና ናት፤ ተጠግና፣ አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ተነሣሁ። ማይክራፎኑን አልያዝኩም፤ ግን ድምፄ ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚህ የተሠራ ነው።

«ፍሬኗ ተሠርቷል ወይ?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ መካኒኩን አየ። መካኒኩ ጫማውን አየ። አንዲት ልጅ ፈጥና ለስላሳ ከፍታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ሌላዋ ክንዴን ይዛ፣ «እትዬ፣ አይዞዎት፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ሁሉም እንደ ሐዘንተኛ አዘኑልኝ። ሙዚቃውም ቀጠለ።

በእኛ ልጅነት ሰው ይቆጣ ነበር። በአባቴ ላይ ሁሉም ተቆጡ፣ ተሳለቁበት፤ ነገር ግን ተቆጥተውም ቢሆን ምሳቸውን ገደሉን እያዩ ነበር የበሉት። ዛሬ የተቆጣኝ የለም፤ ወደ መኪናዋም ዞሮ ያየ የለም።

ልጄ አፍሮብኝ አንገቱን ደፍቷል። ቁልፉን በጣቱ ላይ ያዞረዋል። ነገ ጠዋት ወደ እስቴ ይወርዳል።