የእናቴ እጣቢ የደረሰበት

እናቴ ባረፈች በዓመቱ፣ ደብረ ማርቆስ ያለውን ግቢዋን ውሃ የማያባክን የአትክልት ቦታ ላደርገው ወረቀትና እርሳስ ይዤ ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። ሥልጠና የወሰድኩ አዋቂ ነኝና። የማለዳው ጉም ሲገላለጥ፣ በጋ ካደረቀው መሬት መሃል አረንጓዴው ብቻ እንደ ሕልም ብቅ ብቅ አለ።

እናቴ የእቃ እጣቢዋን ሁልጊዜ ከዚሁ ደጃፍ ቆማ ነበር የምትደፋው። ጌሾው ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ጉልበት በነበራት ጊዜ እጣቢዋ እዚያ ድረስ ይሄድ ነበር። እጇ እየደከመ ሲሄድ የበቀለው ኮሰረት ወደዚህ ቀረብ ብሏል። በመጨረሻ ዓመቷ የበቀለችው ጤና አዳም ደግሞ ደፉ ሥር፣ እግሬ አጠገብ ናት።

ወረቀቱን አጠፍኩት። የቁርሴን ሳህን አጥቤ እጣቢውን አርቄ ልደፋ ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ቀስ ብዬ ጤና አዳሟ ሥር አንቆረቆርኩት።