በጠጠር ላይ ሦስት መስመር

ጠጠር ላይ መንዳት ያስተማረኝ ሰው የለም። ሐይቁ አጠገብ ባለችው ሰፈራችን፣ ዘንዘልማ ላይ ባጃጅ መንዳት ስጀምር እያየሁና እየተሳሳትሁ ለመድሁት። መኪና በጠጠር መንገድ ሲመላለስ ሁለት የጎማ ዱካ ይከፍታል፤ የገፋው ጠጠር መሃል ላይ ተከምሮ ይቀራል። የባጃጅ የፊት ጎማ ደግሞ አንድ ነው፤ ዝም ብለው ከነዱት የሚሄደው እዚያው ክምሩ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱን የኋላ ጎማ ወደ መንገዱ ጠርዝ አወጣና የፊተኛውን በአንዱ ዱካ አስኬደዋለሁ። መሪውን አንቆ መያዝ አይጠቅምም፤ ጠጠሩ ትንሽ ሲያወላውለው መተው፣ ፍሬንም በድንገት አለመያዝ ነው። ድምፁን እወደዋለሁ። የተጠቀጠቀ ጠጠር ከጎማ ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ያልተጠቀጠቀው ግን ጎማውን ይውጠዋል፤ ድምፁም ይታፈናል።

ይህን ከሰው ፊት ቆሜ የተናገርሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

በእኛ ቅያስ መጨረሻ የኔታ ይኖራሉ። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሐይቁ ገዳማት ብራና ሲጽፉ ኖረዋል። ግራ ዓይናቸው ከጠፋች ቆይታለች። ቀኟን ደግሞ ሞራ ሸፍኗት ብዕራቸውን ካስቀመጡ ሁለት ክረምት አልፏል። በዚያ ቀን ጠዋት ወደ ከተማ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰድኋቸው እኔ ነኝ። ከቀትር በፊት ሞራው ተገፍፎ፣ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታሽጎ ወጡ። ነርሷ እኔን ወደ ጎን ወስዳ፣ «እስከ ነገ ምርመራ ድረስ እንዳይናጡ፣ እንዳያጎነብሱም። ያለቻቸው ዓይን እሷ ብቻ ናት» አለችኝ።

አልሰጋሁም። ከአስፋልቱ እስከ የኔታ በር፣ ዳሩ ላይ አንድ ዋርካ ያለበት፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል መንገድ ነው፤ አሥራ አንድ ጉድጓድ አለው። ዘጠኙን ሳልነካ አልፋለሁ፤ በሁለቱ በዝግታ እወርዳለሁ።

አስፋልቱ ጠርዝ ስንደርስ ጉድጓዶቹ የሉም። ቅያሱ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኗል፤ የሰፈሩ ሰው አካፋውን እንደያዘ ግራና ቀኝ ቆሞ ይስቃል። ሰፈሩ አዋጥቶ ያስመጣው ጠጠር በጥምቀት ሰሞን ተገልብጦ፣ የሚዳምጠው ሮለር እስኪገኝ ጥግ ላይ ተቆልሎ ነበር። የኔታ ለዓይናቸው መሄዳቸው ሲሰማ፣ ሲመለሱ እንዳይንገላቱ ተብሎ ጠዋቱን ሙሉ በአካፋ ተበትኗል። አንድ ስንዝር ይወፍራል። ያልተዳመጠ፣ ልል ጠጠር።

«ግባ እንጂ! ምንጣፍ አንጥፈንልህ ምን ትገተራለህ?» አሉኝ የመንገድ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ገባሁ። ሁለት ሜትር ሳልሄድ የፊት ጎማው ሰመጠ፤ መሪው ተጠመዘዘ፤ ባጃጁም ተወዛወዘ። የኔታ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። አቆምሁ።

«ምንድን ነው ልጄ፣ ሐይቁ ውስጥ ገባን እንዴ?»

«የለም የኔታ፣ ጠጠር ነው። እርስዎን እንዲመችዎ ብለው ነው የበተኑት።»

«እግዜር ይስጣቸው» አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት ነው ታዲያ የምንወጣው?» አሉኝ።

ሌላ መግቢያ የለም። በእግራቸው እንዳይሄዱ ጉልበታቸው ደካማ ነው፤ ዓይናቸው ታሽጎ በልል ጠጠር ላይ ቢወድቁስ? አንዲት ጎረቤት «የእድሩ ቃሬዛ ይምጣና እንሸከማቸው» አለች።

«ቃሬዛስ ቀኑ ሲደርስ አይቀርልኝም» አሉ የኔታ ከውስጥ፤ «ዛሬ በባጃጅ ነው የምገባ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ አካፋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ ሰው መሃል አልናገርም። የነርሷን ቃል የሰማሁ ግን እኔ ብቻ ነበርሁ። ወረድሁና የነገረችኝን ነገርኋቸው። «ጠጠሩ ጥሩ ነው፤ ሲዳመጥ ጥሩ መንገድ ይሆናል» አልሁ። «ለዛሬ ግን ሦስት መስመር ክፈቱልኝ። ለመኪና ሁለት ይበቃል፤ የዚህ ጎማ ሦስት ነው።»

«ኧረ! ይህ ልጅ አፍ አለው ለካ!» አለች ጎረቤቲቱ።

«አፍ ብቻ? ሰፈራችን መሐንዲስ ደብቆ ኖሯል እኮ!» አለ አካፋ ከያዙት አንዱ።

ባጃጁን ሳናናውጥ ወደ አስፋልቱ ገፍተን መለስነውና ከመቀመጫዬ ሥር ሲባጎ አወጣሁ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ልክ ሁለት ቦታ ቋጠርሁት፤ በፊተኛው ጎማ ልክ ደግሞ መሃሉን። ሲባጎውን አግድም ወጥረን ወደ ፊት በሄድን ቁጥር፣ በየቋጠሮው ሥር አንድ ሰው የድሮው ጠንካራ መሬት እስኪታይ ድረስ ጠጠሩን በአካፋ ይገፋል፤ ሴቶቹ ከኋላ በመጥረጊያ ይከተላሉ። ሰብሳቢው የመሃሉን ያዙ። የሚያግዛቸው ሲመጣ፣ «ተወኝ፣ በትኑ ያልሁ እኔ ነኝ» አሉ። የኔታ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠው «የት ደረሱ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ሲያልቅ ጎማዎቹ እንዲለሰልሱ ትንሽ አስተነፈስኋቸውና ገባሁ። በሰው እርምጃ ነው የነዳሁት። ሰውም ዳር ዳሩን አብሮን ሄደ። በራቸው ላይ ሳወርዳቸው ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

በማግስቱ ሐኪሙ ጨርቁን ሲያነሳ ውጭ ቆሜ ነበር። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልታ እንባ ታቀርራለች። ምን ይታይዎታል ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። አሳፍሬ መለስኋቸው። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትከሻዬን ነካ አድርገው አስቆሙኝ። በብራና ላይ አንዲት ፊደል ከመጻፋቸው በፊት በወስፌ መስመር የሚያሰምሩ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ቅያሱን ለረዥም ጊዜ አዩት።

«የመሃሏን መስመር ማን አሰመራት?»

«ሰብሳቢው ናቸው፣ የኔታ።»

«ከዋርካው ወዲህ ጠምማለች።»

አየሁ። እውነትም ሁለት ጣት ያህል ጠምማ ነበር። እኔ ትናንት በላይዋ ስነዳ አላየኋትም።