የዶክተር ደበላ ኮሶ

ዋቅጋሪ ደበላ እንጀራውን የሚበላው አይጥ እየገደለ ነበር። ቀልድ አይደለም። ስዊድን አገር በረዶ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተምሮ፣ ዶክተር ተብሎ መጥቶ፣ ጉለሌ ካለ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ነጭ ካፖርት ለብሶ የገባው፣ ከኮሶ አበባ ውስጥ ትሉን የሚገድለውን ነገር የሰው ዓይን ከሚያጠፋው ነገር ለይቶ ሊያወጣ ነው። ለዚህ ደግሞ አይጥ ያስፈልጋል። ያጣራውን ዱቄት በጥብጦ ያጠጣቸዋል፤ ግማሾቹ የሚሞቱበትን መጠን ይፈልጋል፤ የሞቱትን ሆዳቸውን ቀድዶ ጉበታቸውን ያያል። ቤቱ ሲገባ እጁን በሳሙና ቢፈትግም ሽታው አይለቀውም። ሚስቱ ደሳለች «ይኼን እጅህን ከትሪው አርቅልኝ» ትለው ነበር።

ሥጋ በጥሬው ለሚወድ ሕዝብ ኮሶ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የጠጣ ሰው ያጥወለውለዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይቀባዥራል፤ አብዝቶ የጠጣ ዓይኑ ይፈዛል፤ ጨርሶ ያልተነሳም አለ። ስለዚህ በር ይዘጋለታል። እንግዳ ቢመጣ፣ አለቃ ቢልክ፣ ዳኛ ቢጠራ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ በቃ፣ ሰው አንገቱን ነቅንቆ ይመለሳል። በዚያች ከተማ የማይደፈር በር ቢኖር ይኸው ነበር።

የዋቅጋሪ የመጀመሪያ ጽሑፍ ስዊድን በሚታተም የኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ቤቱ ውስጥ ከእሱ በላይ የኮራው አባቱ ነው። ደበላ ግንበኛ ነበር። ከጳውሎስ ወደ ዊንጌት ሲወጣ በግራም በቀኝም ከሚታየው የድንጋይ አጥር ብዙው በእጁ ያለፈ ነው። ፊደል አልቆጠረም። ልጁ ግን የታተመውን ይዞ የገባው እያጉረመረመ ነበር፤ ምክንያቱም ፈረንጅ ሰውን የሚያስቀምጠው በአባቱ ስም ስለሆነ፣ «ደበላ» ብሎ በትልቁ ጽፎ የእሱን አንዲት «ዋ» ብቻ አስቀርቶለታል።

«የለፋሁት እኔ!» አለ ዋቅጋሪ። «እንዲያርሙት ለአዘጋጁ እጽፋለሁ።»

ደበላ መጽሔቱን ተቀበለው። «የትኛው ነው?» አለ። ልጁ አሳየው። ሽማግሌው በኖራ የተበላ ጥፍሩን በፈረንጅኛው ፊደል ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው፤ ከዚያ መለስ ብሎ እንደገና አስኬደው።

«ይኼ ነው ደበላ?»

«አዎ አባባ፣ እሱ ነው።»

«እንግዲያው አትንካው። ይኼን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ስደረድር አንድ ሰው እንኳ ግድግዳው ላይ ስሜን አልጻፈልኝም።»

ምን ይበል? ተወው። ሁለተኛውም ጽሑፍ በደበላ ስም ወጣ። ሽማግሌው እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጣ «ፈረንጅ ስሜን አተመው» እያለ ጓደኞቹን መድረሻ ያሳጣቸው ጀመር። እነሱም «ዶክተር ደበላ፣ ይኼን ጉልበቴን እስቲ እየኝ» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ቅጽል ስሙን አልጠላውም።

በዚያ ጊዜ አንድ ጽሑፍ የወጣለት ተመራማሪ ከየአገሩ የፖስታ ካርድ ይመጣለታል፤ «ጽሑፍዎን አንድ ቅጂ ይላኩልኝ» የሚል። ለዋቅጋሪም ከጀርመን መጣ፣ ከብራዚል መጣ፣ ከአሜሪካ መጣ። ሁሉም «ለዶክተር ደበላ» ይላል። አንዳንዱ ላኪ የጠየቀውን እንዲያውቁለት ባለ ስድስት ማዕዘን የኬሚስትሪ ሥዕል ጀርባው ላይ ይስልበታል። ዋቅጋሪ ካርዶቹን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ በመርፌ ሰካቸው። ኩራት ነው፤ ማንም ያደርገዋል።

ከዚያ ስድሳ ዘጠኝ አልፎ ሰባ ገባ። ቀይ ሽብር። ዋቅጋሪ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ የዊንጌት መንገድ ዳር ሬሳ ተጥሎ ያገኛል፤ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ጫማው የተወሰደ፣ አንዳንዴ ገና ጺም ያላበቀለ። አንዲት እናት ልጇን አገላብጣ ስታይ በሰደፍ ጀርባዋን ብለዋት እዚያው ልጇ ላይ ስትወድቅ አይቷል። ከዚያ ላቦራቶሪው ይገባና አይጦቹን ያወጣል። እሱ እንኳ ለሚገድለው አይጥ ምክንያት ነበረው!

በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ውስጥ ያለ አንድ ጆሮ ጠቢ ካርዶቹን አያቸው። የአሜሪካ ቴምብር፣ የማይነበብ ቃል፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕል። ነቅሎ ለቀበሌ ሰጠ። ቀበሌም ደበላን ፈለገ። ካርዱ ላይ ዋቅጋሪ የሚባል ሰው የለማ! ደበላ ግን አለ፤ ቤቱ ሳይቀር የተመዘገበው በእሱ ስም ነው።

የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ዋቅጋሪ ያን ዕለት ጠዋት በባዶ ሆዱ የራሱን መድኃኒት ጠጥቷል። ትሉ እሱም ሆድ ውስጥ ነበር፤ በራሱ ላይ ሳይሞክር ለሌላ ሰው ሊሰጥ አልፈለገም። ጓዳ ተኝቶ ያጥወለውለዋል፤ የጣሪያው ማገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ደሳለች በሩን ገጥማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ደበላ አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቀ የመዶሻ እጀታ ይጠርባል።

የአብዮት ጥበቃዎቹን እየመራ የገባው ስለሺ ነበር። ስለሺ ለደበላ ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ከደበላ ጋር ከአንድ ሳህን ሲበላ የኖረ ሰው ነው።

«ደበላ የሚባለው ማነው?» አለ።

«አንተ ስለሺ፣ ምን ነካህ? እኔን አጣኸኝ?»

ስለሺ በሰደፍ አፉን አለው። ሽማግሌው በቂጡ ተቀመጠ። ጥርሱን እጁ ላይ ተፋ። ደሳለች ጮኸች፤ አንደኛው በጥፊ አጮላት። ስለሺ ካርዶቹን ከኪሱ አውጥቶ ደበላ ፊት በተናቸው።

«ይኼ ምንድነው?»

ደበላ ጎንበስ ብሎ አየ። ደሙ ካርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ያቺን በጥፍሩ የተከተላትን ጽሕፈት ለያት።

«ስሜ ነው» አለ።

«አመነ!» አለ ከኋላ የቆመው። «ማንበብ አልችልም ሲል ኖሮ ይኸው በፈረንጅኛ ያነባል!»

«ይኼስ ካርታ? ይኼ ባለ ስድስት ማዕዘን የየትኛው ጦር ሰፈር ነው?» ስለሺ ይህን እያለ መሬት የተደገፈውን የሽማግሌውን እጅ በቦት ጫማው ረገጠው። ረግጦም አልተወም፤ ተረከዙን አዞረው። አጥንቱ ሲሰበር ዋቅጋሪ ጓዳ ሆኖ ሰማው።

ተነሳ። ወደቀ። በጉልበቱ እየዳኸ በሩን በግንባሩ ገፍቶ ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው፤ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ጭጋጉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ካኪ አለ፣ መሬት ላይ ደግሞ የአባቱ ነጭ ጋቢ፣ ግማሹ ቀይ።

«ደበላ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ተዉት! የጻፍኩት እኔ ነኝ! ደበላ እኔ ነኝ!»

ሌላም ሊል ነበር፤ ትውከቱ ቀደመው። ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ስለሺ ወደ እሱ ዞረ።

«ምን አልክ አንተ?»

ያን ጊዜ ደበላ ተናገረ። አፉ በደም ተሞልቶ፣ ጣቶቹ ተጨፍልቀው፣ ድምፁ ግን የወትሮው ነበር፤ ለሠራተኛ ድንጋይ አቀብለኝ የሚልበት ድምፅ።

«ተወው ስለሺ። ልጄ ኮሶ ጠጥቷል። የሚናገረውን አያውቅም።»

ጠመንጃው ወረደ። ብታምኑም ባታምኑም ወረደ። እንዲያውም አንደኛው ጥበቃ ደሳለችን ተቆጣት፤ «ምን ዓይነት ሴት ነሽ? ኮሶ የጠጣ ሰው ፀሐይ ላይ ይወጣል እንዴ? ዓይኑ ቢጠፋስ? አስገቢው!» አላት። ሰው ሊገድሉ የመጡ ሰዎች ለሰው ዓይን አዘኑ! ብብቱን ይዘው ጓዳ ድረስ ያስገቡት እነሱው ናቸው፤ በሩንም ከውጭ ገጠሙለት። ከዚያ ደበላን በጋቢው አንገቱን ይዘው ጎተቱት። ስለሺ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ልጁም ማን እንደሆነ ጠፍቶት አይመስለኝም። ደበላን አምጣ ተብሏል፤ ደበላን ወሰደ።

የቀበሌው አዳራሽ ቅርብ ነው። የሰው ጩኸት እንዳይሰማ ማርሽ በድምፅ ማጉያ ይለቁበታል፤ ስለዚህ ማርሹ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቃል። ያን ቅዳሜ ማርሹ እስከ ማምሻው አላቆመም። በመካከሉ አንዱ ማርሽ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ፋታ አንድ ድምፅ ይመጣል። ደሳለች ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ትወዛወዛለች። ዋቅጋሪ ደግሞ ባልዲው ላይ ተጎንብሶ ሳለ ትሉ ወጣለት። ከነጭንቅላቱ ወጣ። ጭንቅላቱ ከወጣ ሰውየው ድኗል ማለት ነው፤ ዓይኑም እየጠራ ነበር። ከኮሶ ጋር የታገለበት ዘመን ሁሉ ውጤት ያ ባልዲ ውስጥ ነበረ። ባልዲውን በእርግጫ ግድግዳው ላይ ሰበረውና አለቀሰ።

ደበላን በማግስቱ አንድ ራሱ የገነባው አጥር ሥር ተጥሎ አገኙት። ውስጥ እግሩ ተተልትሏል፤ ፊቱ ፊት አይደለም። በእጆቹ ነው የለዩት። ደረቱ ላይ «የሲአይኤው ሰላይ ደበላ» የሚል ተለጥፏል። ማልቀስ ክልክል ስለነበር ደሳለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሬሳውንም አልሰጧቸውም፤ በመኪና ጭነው ወሰዱት። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ዋቅጋሪ ቀበሌ ሄደ። ስለሺ ፊት ቆሞ «ካርዶቹ የእኔ ናቸው፤ የገደላችሁት ምንም የማያውቀውን ሰው ነው» አለው። ስለሺ አየው አየውና «ኮሶው ገና አለቀቀህም እንዴ?» አለ። ከበው ሳቁ። ከዚያ የጎድን አጥንቱ እስኪሰበር ረግጠው መንገድ ላይ ወረወሩት። ሰላዩ ተገኝቶ ተገድሏል፤ ሌላ ሰላይ አላስፈለጋቸውም።

ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪው ቢሄድም አይጥ መንካት አቃተው። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጣል፣ ይመለሳል። ሰዎች አበቃለት አሉ። ስለሺን ወደ ጦር ግንባር ልከውት ሳይመለስ ቀርቷል ሲባል እንኳ ደስ አላለውም። ወደ ሥራው የመለሰው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ቀን አባቱ ተጥሎ የተገኘበት አጥር ሥር ሲያልፍ፣ ድንጋዩ ላይ ስም እንደሌለ አየ። ሦስተኛውን ጽሑፍ መጻፍ ጀመረ። ኮሶው የማያሳውርበትን መንገድ፣ መድኃኒቱን መጀመሪያ የጠጣው ሰውም ከነትሉ ጭንቅላት መዳኑን ጻፈ። የመጽሔቱ አዘጋጅ «የአገራችሁን የስም ሥርዓት ዘግይተን ተረዳን፤ ስህተታችንን እናርም ወይ?» ብሎ ጠየቀው። «ደበላ በሉት» ብሎ መለሰ።

የታተሙት ቅጂዎች በጥቅል መጡ። ዋቅጋሪ ፖስታ ቤት ሄዶ ወረፋ ያዘ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሠራተኛዋ መታወቂያውን ከጥቅሉ ጋር አስተያየችና መለሰችለት።

«ይኼ የዶክተር ደበላ ነው። አንተ ዋቅጋሪ ነህ።»

«አዎ።»

«አባትህ ናቸው? እንግዲያው ራሳቸው ይምጡና ይውሰዱ።»

ዋቅጋሪ ሁለት እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። ከኋላው ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደበላ እኔ ነኝ» አለ።

ይህን ቃል የተናገረበትን ያን ቅዳሜ አስታውሶ ዞር ብሎ አየ፤ ኮሶ ጠጥቷል የሚልለት ሰው አልነበረም። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ትከሻዋን ነቅንቃ ወረቀቱን ገፋችለት።

«ታዲያ እንደሱ አትልም? እዚህ ጋ ፈርም» አለችው።

ደበላ ብሎ ፈረመ።